አመዱን ለብቻ

ሰው ሁሉ «ቆሻሻው ይነሣልን!» ብሎ ሲያጨበጭብ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ብድግ ብዬ «አይነሣም!» ያልሁት ሴት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን ገዶኝ! እኔ ያን ቀን የተከራከርሁት ስለ ቆሻሻ አልነበረም፤ ስለ ባሌ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኋችሁ አይገባችሁም፤ ስለዚህ አታቋርጡኝና ስሙኝ።

ባሌ አምሐ ይባላል። አሁን የምንኵስና ስም አለው፤ እኔ ግን በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም፣ አፌም እሺ አይለኝ። የመሪጌታ አካሉ ልጅ ነው። ከአባቱ ጉባኤ ቤት ዜማውንም ቅኔውንም ሲቀጽል አድጎ፣ ኋላ አስኳላ ገባና ባሕር ዳር መንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። እኔ ደግሞ ከመራዊ መጥቼ ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ ክር ማጠንጠኛው ክፍል። ተገናኘን፣ ተጋባን፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት አገኘን። አንዲት ልጅ ወለድን፣ አደይ አልናት። ትምህርት ቤት ሳትገባ ኩፍኝ ወሰደብን። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው።

ከዚያ በኋላ አምሐ ሰው መሆን አቃተው። ቢሮ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያቀረብሁለትን ቀመስ ያደርጋል፤ ዐይኑ ግን ሐይቁ ላይ ነው። ድሮውንም በተማሪነቱ ገዳም ገብቶ ሊቀር ያሰበ ሰው ነበር፤ እኔን ሲያይ ነው ሐሳቡን የቀየረው። «ልጃችን የሞተችው በዚያ ጠንቅ ነው» አላለኝም፤ ብሎኝ ቢሆን ከምድጃው ጉልቻ አንሥቼ ነበር የምፈነክተው። ያለኝ «የሺ፣ ፍቀጅልኝ» ብቻ ነው። ያገባ ሰው ሚስቱ ካልፈቀደችለት አይመነኵስም። ከሐይቁ ማዶ ካለችው ደሴት የገዳሙ አበምኔት ራሳቸው ተሻግረው መጥተው «ልጄ፣ ከልብሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከልቤ ነው፣ አባቴ» አልሁ። ከልቤም ነበር። ዛሬም አልጸጸትም። ጸጸት ሌላ፣ ናፍቆት ሌላ።

ሰው ሲመነኵስ ምን እንደሚደረግ ታውቁ የለ? መሬት አስተኝተው ይገንዙታል፣ እንደ ሬሳ ግንዘት ይደገምበታል። ከዚያ ወዲያ ለዓለም የሞተ ነው። እኔ ሲገንዙት አላየሁም፤ እዚያች ደሴት ሴት አትረግጥም። የእድራችን ሰዎች ግን ወሬውን ሰምተው ተሰበሰቡና ተጨቃጨቁ። «ሞቷል፣ ድንኳን ይተከል» የሚል አለ። «ቆሞ የሚሄድ ሰው ነው፣ ምን ድንኳን አመጣው!» የሚል አለ። በመጨረሻ ወንበሩን ብቻ አመጡልኝ። ድንኳን በሌለው ለቅሶ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል፤ ሟቹ ያለባት ደሴት ደሞ ቀና ባልሁ ቁጥር በሰው ትከሻ ላይ ትታየኛለች። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። ባሏ የሞተባት አይሉኝ፣ ባሏ የፈታት አይሉኝ። ጥቁር ብለብስ ነውር፣ ጥለት ያለው ብለብስ ነውር። ማታ ማታ ሥራ ስፈታ ወደ ሐይቁ ወርጄ ማዶውን እያየሁ እቆም ነበር፤ እሱም ተከለከለብኝ። የከለከለችኝ ውዴ ናት፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ውዴ ልቧ ደግ ነው፤ አፏ ግን በርበሬ ነው። አንድ ቀን ከሐይቅ ስመለስ በሩ ላይ ጠብቃ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ምነው የሺ! የሞተ ሰው ይፈለጋል እንዴ? በገዛ እጅሽ ፈቅደሽ ስታበቂ አሁን መነኵሴ ልታስቺ ነው?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ያለ ምክንያት ሐይቅ ዳር መቆም ተውሁ።

ምክንያት ግን ተገኘ። ቆሻሻ።

በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ቆሻሻ የሚደፋው ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ሳሳ ካለበት ቦታ ላይ ነበር። እኛ ለእንጀራ ከየአገሩ የተሰበሰብን ደመወዝተኞች ነን፤ የሐረርም የደሴም የወለጋም ሰው አለብን። ቤታችን ተያይዞ የተሠራ፣ ጓሮ የሚባል ነገር የሌለው። ባላገር እንኳ አመዱን ጎመን ሥር ይደፋል፤ እኛ የት እንድፋ? ሁሉም በየቅርጫቱ ተሸክሞ ወደ ሐይቅ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዶሮ ላባ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የነተበ ጫማ፣ ሁሉም እዚያ ይከመራል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ግማሹን ጠርጎ ሐይቅ ይከተዋል። እኛም ዞር ብለን ከዚያው ሐይቅ ውሃ እንቀዳለን፣ ልብስ እናጥባለን። ሽታው! ዝንቡ! እውነት ለመናገር የሚያስጠላ ነገር ነበር።

ከቆሻሻው ጥቂት አለፍ ብሎ ታንኳ የሚጠጋበት ጥግ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት የገዳሙ ታንኳ እዚያ ትደርሳለች። የገዳሙ መጋቢ አባ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ወሬ የሚወዱ ሽማግሌ፣ ሎሚና ጌሾ ይዘው ገበያ ይወጣሉ፤ ጨውና እህል ሸምተው ይመለሳሉ። ቀዛፊው ግን ገበያ አይወጣም። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ ታንኳውን ይጠብቃል። ቀዛፊው አምሐ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን አመድ ልደፋ ነበር የሄድሁት፤ ምንም ሳላስብ። ጀርባውን አየሁ። የሰው ጀርባ ያስለቅሳል? እኔን አስለቀሰኝ። ቅርጫቴን ገለበጥሁና አንድ ነገር የጠፋኝ መስዬ አመዱን በእንጨት መጎርጎር ጀመርሁ። ምን ልፈልግ? የምፈልገው እዚያው ተቀምጧል። ዞር አላለም። ቆይቶ ግን ተነሣ፤ ከታንኳው ባዶ ቅርጫት አወጣና መጣ፤ እኔ ከደፋሁት አመድ ያፍስ ጀመር። ዐይኑን ከመሬት አልነቀለም።  እጁን ግን አየሁት። አደይን አቅፎ ያስተኛ የነበረ እጅ ነው፤ መቅዘፊያ አሻክሮታል።

አባ ተክለ ጊዮርጊስ ከገበያ ሲመለሱ እኔ ገና ስጎረጉር አገኙኝና ሰላምታ ሰጡኝ። «ወንድማችን ለሎሚው ነው አለ» አሉ፣ ወደ አመዱ ቅርጫት እየጠቆሙ። «ሎሚ አመድ ሲያገኝ ደስ ይለዋል አለ።» እሳቸው የኔን ማንነት አያውቁም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። ታንኳዋ ስትሄድ ቅርጫቱ ከመሀል ተቀምጦ ይታየኝ ነበር።

እስቲ አስቡት። ያችን ደሴት እኔ አልረግጣት፣ እናቴ አልረገጠቻት፣ ከኋላዬ የሚመጡ ሴቶችም አይረግጧት። የኔ ምድጃ አመድ ግን ታንኳ ተሳፍሮ ሄደ! እኔ ወጥ የሠራሁበት፣ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያመሸሁበት እሳት አመድ፣ እሱ በሚያድርበት ደሴት ሎሚ ሊያበቅል። ቤቴ እስክደርስ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ውዴ «ምን አግኝተሽ ነው?» አለችኝ። «ቆሻሻ ደፍቼ» አልኋት።

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱ ሁሉ ለቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የፋብሪካ ፈረቃ ሲደርሰኝ ሰው ለምኜ እለዋወጣለሁ። አመዴን በወንፊት እነፋዋለሁ፤ አዎ፣ በዱቄት ወንፊት! ከሰሉን እለቅማለሁ፣ ሚስማሩን አወጣለሁ። አብረን ሳለን እንኳ ምግቡን እንደዚያ አልለቀምሁለትም። ወስጄ እደፋለሁ፤ እሱ ይመጣል፣ ያፍሳል፣ ይመለሳል። አንድ ቃል የለም። አንዳንድ ቀን ቆሞ ሐይቁን ሲያይ እኔም ቆሜ ሐይቁን አያለሁ። ሁለታችንም አንድ ውሃ ስናይ ትንሽ እንቆያለን። ይኸ ነው እንግዲህ ትዳሬ።

አንድ ቅዳሜ ግን ጉድ ፈላ። ከኔ በኋላ የመጣ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው የተሰባበረ ጠርሙስ አመዴ ላይ ደፍቶበት ኖሯል። አምሐ እጁን ሲሰድ ቆረጠው። ደሙ አመዱ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ነጠላዬን ቀድጄ ላስረው ተራመድሁ፤ እሱ እጁን ወደ ቀሚሱ ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ። ልክ ነው፣ መነኵሴ ነው። እኔ ግን የያዝሁትን ነጠላ ምን ላድርገው? ይዤው ቀረሁ።

ያን ዕለት ንዴቴን በማን ላይ ልወጣ? በሰፈሩ ላይ ተወጣሁት። በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየበሩ እየዞርሁ «አመዱን ለብቻ! ልጣጩን ለብቻ! ጠርሙስና ቆርቆሮውን ለብቻ!» ማለት ጀመርሁ። ቦታውን በድንጋይ ከፋፈልሁ። አመድ ክምር ላይ ጠርሙስ የጣለ ሰው ካገኘሁ ቅርጫቱን ተሸክሜ ደጁ ድረስ እመልስለታለሁ። ውዴ አንድ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ከአመድ ጋር ደባልቃ ስትደፋ ያዝኋት።

«ውዴ! ይኸ ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ነዋ።»

«አመድ ቆሻሻ አይደለም!»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ምንድን ነው፣ ዱቄት ነው? ሰዎች ኑ ስሙ፣ የሺመቤት አመድ ልታቦካ ነው!» ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። «የቆሻሻ ሊቀ መንበር» የሚል ስም አወጣችልኝ፤ ስሙም ጸናብኝ። ባትሪ ድንጋዩን ግን ለቅማ አወጣች። ቀስ በቀስ ሁሉም ለመደው። ጠርሙሱ ጠርሙስ ጋ፣ አመዱ አመድ ጋ ሆነ፤ የአምሐም እጅ ዳግመኛ አልተቆረጠ።

እዚህ ላይ ነው የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን የጣልሁት። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አስናቀ ለጽዳት ዘመቻ ሐይቅ ዳር ወርዶ ክምሮቹን አየ። ደረቅ ሰው ነው፣ ክፉ ግን አይደለም፤ ሥነ ሥርዓት ሲያይ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። «ይህን ያደረገ ማን ነው?» አለ። የሺመቤት ናት አሉት። «ይኸ ነው አብዮታዊ ዲሲፕሊን!» ብሎ ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። የበላይ አካል በላንድሮቨር መጣ። አዩ፣ አደነቁ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ከዚያም «መደርደሩስ መልካም፤ ግን ቆሻሻ ምን አባቱ ሐይቅ ዳር አመጣው?» አሉ። ማንም ዞር ብሎ አይቶት የማያውቀውን ቆሻሻ እኔ አሳምሬ፣ ከፋፍዬ፣ ኑ እዩልኝ አልሁ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መፈክሩ ተባለ፣ ግራ እጃችን ወጣ፣ ወረደ። ጓድ አስናቀ ብድግ አለና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰባታሚት መንገድ ላይ ጉድጓድ መቆፈሩን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ትራክተር ከነተሳቢው መጥቶ የሰፈሩን ቆሻሻ እንደሚወስድ፣ ሐይቁ ዳር ተጠርጎ ችግኝ እንደሚተከልበት ተናገረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ልጆቻቸውን ተቅማጥ ያመሰቃቀለባቸው እናቶች እልል አሉ። እልልታቸው ትክክል ነው፤ እኔም ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ይገባኛል። እጄ ግን ሊያጨበጭብ እንቢ አለኝ። ክምሩ ከሌለ እኔ ሐይቅ ዳር ምን ብዬ ልቁም? አምሐስ ምን ሊያፍስ ከታንኳው ይነሣ? ሳላስበው ቆምሁ።

«አይነሣም!»

ጓድ አስናቀ መነጽሩን አወለቀ። «ጓድ የሺመቤት፣ ምክንያትሽ?»

ምክንያቴ! ምክንያቴማ ደረቴን ሊያፈነዳው ደርሷል። ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ዘመን፣ «እዚያ የሚቀመጥ መነኵሴ አለ፣ እሱን ለማየት ነው» ይባላል? «ሩቅ ነው» አልሁ። «አመድ... አመድ ለአትክልት ይጠቅማል» አልሁ። «ሐይቁ... ለምዶታል» አልሁ። ሐይቅ ቆሻሻ ይለምዳል? ከአፌ ሲወጣ ለኔም ገረመኝ።

ውዴ ከኋላ ሆና፣ «ዝንቡን ወዳው ነው፣ ተዉላት!» አለች። ሳቁ!  ጓድ አስናቀ ግን አልሳቀም። እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና፣ «እኔ ይገባኛል» አለ። «ጓድ የሺመቤት የምትሠጋው ሠርታ ያቆመችው ሥርዓት እንዳይፈርስ ነው። እውነቷን ነው! ስለዚህ የአዲሱ ጉድጓድ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ትሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትራክተሩ ጋር ሰባታሚት እየሄደች አደራደሩን ትቆጣጠር።»

ተጨበጨበ። ለኔ! በዚያ ዘመን አንዴ ከተጨበጨበልሽ በኋላ አልፈልግም ማለት የለም። ቅዳሜ ከሰዓት! ከሳምንቱ ቀን ሁሉ ቅዳሜን፣ ከቅዳሜም ከሰዓቱን! እግዜር ሊቀልድብኝ ካልሆነ በቀር ምን ይባላል?

እንዲህ ሆኜ ሰባታሚት መመላለስ ጀመርሁ። ተሳቢው ላይ ቆሻሻው መካከል ተቀምጬ ፊቴን ወደ ኋላ አዞራለሁ፤ ሐይቁ በዛፍ እስኪሸፈን ድረስ። ጉድጓዱ ጋ የደረስን ቀን የአካባቢው ገበሬ፣ አገኘሁ የሚባል፣ ዱላውን ተደግፎ ጠበቀን። «የከተማ ሰው የበላበትን እኛ እንድናሸት ነው?» አለኝ።  «እውነትህን ነው፣ ወንድሜ» አልሁት። አመዱን ለማሳው ስሰጠው ትንሽ በረደለት። አመዴ እንግዲህ የአገኘሁን በርበሬ ያበቅል ጀመር። መልካም በርበሬ ነበር አሉ፤ እኔ አልቀመስሁትም።

የትራክተሩን ጩኸት እየሰማሁ ግን፣ አሁን ታንኳዋ ደረሰች እላለሁ። አሁን አባ ገበያ ወጡ። አሁን ቅርጫቱን ይዞ ተነሣ፤ ክምር የለም፣ እኔ የለሁም። ምን ይል ይሆን? በቃኝ ብላ ቀረች ይል ይሆን? ሌላ አገባች ይል ይሆን? እየነደደኝ የቆርቆሮ ክምር በእግሬ እመታለሁ። ሰው ሥራ የምወድ ይመስለዋል። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። በአዲሱ ዓመት በዓል «ምስጉን ሠራተኛ» ተብዬ ፎጣ ተሸለምሁ። ፎጣውን ይዤ ቤቴ ገባሁና ፊቴን ሸፍኜበት አለቀስሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ትራክተሩ ደጃፍ ቆሞ ሲያንጓራ፣ አልነሣ አልሁ። «አሟታል በሉ» አልሁና በሩን ዘጋሁ። ድምፁ ሲርቅ፣ የሳምንቱን አመዴን ነፍቼ በቅርጫት አደረግሁ፤ ነጠላዬን ለበስሁና ወደ ሐይቅ ወረድሁ።

የሐይቁን ዳር ማወቅ አቃተኝ። ተጠርጓል። ችግኙ ሁሉ ጸድቋል፤ ዝንብ የለ፣ ሽታ የለ። ሴቶች ንጹሕ ድንጋይ ላይ ልብስ ያጥባሉ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። እኔ ግን የአመድ ቅርጫት ታቅፌ በዚያ ሁሉ ንጹሕ ሣር መካከል ስቆም፣ ልብሴን ያወለቁኝ መሰለኝ። የምጎረጉረው እንኳ የለም።

ታንኳዋ መጣች። ገና ከሩቅ አወቅሁ፤ የቀዛፊው ትከሻ የሱ አይደለም። ሌላ መነኵሴ ነው፣ ወፍራም፣ የማላውቀው። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ወርደው አዩኝ። ሄጄ መስቀል ተሳለምሁ።

«እንደምን ሰነበቱ፣ አባቴ? አመድ ይዤ መጥቼ ነበር።»

«አመድ?»

«ለሎሚው።»

አባ ሳቁ። «ልጄ፣ አመድማ እኛ ዘንድ ሞልቶ! ማዕድ ቤቱ ከጧት እስከ ማታ እንጨት ነው የሚያነደው። መድፊያ አጥተን ገደል እንሰደዋለን። ያ ወንድማችን ነው እንጂ 'የማዶው አመድ ይሻላል' እያለ ያጓጉዝ የነበረ። ተው ብንለው በዚህች ነገር ብቻ አልታዘዝ አለን። በሌላው ሁሉ ታዛዥ ስለሆነ ይሁንለት ብለን ተውነው።»

 ያ ውሸታም! ያ ቀጣፊ መነኵሴ! ደሴቱ ሁሉ አመድ ሆኖ ሳለ፣ እኔ በወንፊት እየነፋሁ፣ እሱ ዐይኑን መሬት ተክሎ «ለሎሚው ነው»! እኔ ቆሻሻ ልደፋ እያልሁ እንደምመጣ፣ እሱም አመድ ላፍስ እያለ ይመጣ ኖሯል። ልስቅ ይሁን ልጮህ አላወቅሁም። ደስታ እንዲህ ያማል ወይ?

«አሁንስ የት አለ?» አልሁ።

«በዓቱን ዘጋ።» አባ ፊታቸው ጭፍግግ አለ። «ቆሻሻው ከተነሣ በኋላ ጥቂት ቅዳሜ መጣ። ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። አንድ ቀን 'አባቴ፣ ቀዘፋውን ለሌላ ይስጡልኝ' አለኝ። ምነው ስለው፣ 'ከዓለም የቀረችኝ አንዲት ነገር ነበረች፤ እሷም ሄዳለች' አለ። ከዚያ ወዲህ ከበዓቱ አይወጣም፤ ሰው አያናግርም።»

«አልሄደችም!» ብዬ ጮህሁ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ዞረው አዩኝ። «አልሄደችም በሉልኝ፣ አባቴ! ሰባታሚት ነበረች በሉልኝ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባታሚት ወስደዋት ነው በሉልኝ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።  ቅርጫቱን አዩ፣ እንደ ዱቄት የተነፋውን አመድ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«በዓት ለዘጋ ሰው ወሬ አላደርስም፣ ልጄ» አሉ። «ሥርዓታችን አይደለም።» እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ጎንበስ ብለው ቅርጫቱን ራሳቸው አነሡት። «ሎሚዋ ግን ከበዓቱ ደጃፍ ናት። ሥሯ አዲስ አመድ ሲደረግ በመስኮቱ ይታያል። እሱን ማንም አልከለከለኝም።»

ያን ዕለት ገበያ ሳይወጡ ተመለሱ። ታንኳዋ ደንገሉን አልፋ እስክትጠፋ ቆምሁ። ለማንም ምክንያት ሳልሰጥ ቆምሁ።

ሰኞ ጓድ አስናቀ ቢሮ ገባሁና «ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባታሚት አልሄድም» አልሁት። «ለምን?» አለ። እውነቱን ነገርሁት፤ ከምንኵስናው እስከ ሎሚው፣ አንድ ሳላስቀር። ፈርቼ ነበር፤ ግን ከዚያ የባሰ ምን ሊያደርገኝ? መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ይኸ ነገር በመመሪያ የለም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ኮሚቴውን ለማን እንስጠው?» አለኝ። «ለውዴ» አልሁ። ሊቀ መንበር ያለችኝ እሷ አይደለችም? ትቅመሳታ!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ውዴ በሻሽ ራሷን ጠፍንጋ፣ እኔን እየረገመች ተሳቢው ላይ ወጣች። እኔ ደግሞ ነጠላዬን ለብሼ፣ የአመድ ቅርጫቴን ይዤ ከቤት ወጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ በየደጃፉ ነበር።

«አንች!» አለች ውዴ ከላይ ሆና። «ቆሻሻውን እኔ ላይ ጭነሽ፣ አንች ወዴት ነሽ ደሞ? እዚያ የሚደፋ እንደሌለ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ወዴት ነሽ?»

ድሮ ቢሆን የምለው ነገር ነበረኝ።

«ባሌን ልናፍቅ ነው» አልኋት።

  ትራክተሩ ተነሣ፤ ውዴ አቧራው መካከል ሆና፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ በዚያ በርበሬ አፏ ጮኸችብኝ።

«ቀስ ብለሽ ሂጅ! አመዱ እንዳይፈስብሽ!»